ቃሬዛው የማይታጠፍበት ደረጃ

ለተከበሩ አርክቴክት ወንድዬ ፈንታዬ፣
የእናቶች ማቆያችን እድሳት ነዳፊ፣
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ከረመ? ቤተሰብዎስ? ወገብዎስ? ክብደትዎስ እንደ በፊቱ ነው? ክብደትዎን ለይቼ የጠየቅሁት ያለ ነገር አይደለም፤ ወደ ታች ሲያነቡ ምክንያቱን ያገኙታል። እኛ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። በረዶው ባቄላችንን ቢመታውም እርስዎ የሠሩልን ነገር ቆሞ እስካለ ድረስ ከተማችን መካነ ሰላም መነጋገሪያ አታጣም።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው፣ በግል የላክናቸው ሦስት ማመልከቻዎች ጠረጴዛዎ ላይ ደርሰው እንዳረፉ ስለሰማን ዕረፍታቸውን ላለማወክ ነው። ደግሞም ጊዜ የለም። አሮጌው የእናቶች ማቆያ የፊታችን ሰኞ ጠዋት ይፈርሳል የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ከወግዲ መንገድ በታች፣ ከገደሉ ማዶ ደግሞ እሌኒ የምትባል መንታ ያረገዘች ሴት ቀኗን እየቆጠረች ነው። የምንለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱ ላይ እስክደርስ ግን ምስጋናዬን ላስቀድም።

አንደኛ፣ ስለ ትንሹ ሥራዎ። አደባባዩ መሐል ላቆሙልን ባለ ስምንት ምሰሶ ማረፊያ እናመሰግናለን። ሰሌዳው ላይ «ፓቪሊዮን» ተብሎ ተጽፏል፤ እኛ ዳሱ እንለዋለን። ጣሪያው መሐል ላይ የበሬ ቆዳ የሚያህል ቀዳዳ የተዉት «ሰማይን ወደ ሰው ለማውረድ» እንደሆነ በምረቃው ዕለት ነግረውናል። ወርዷል። ሐምሌን ሙሉ ሲወርድ ከርሟል። እስካለፈው ሳምንት ድረስ ከሥሩ የምትጠለል አንዲት በቅሎ ብቻ ነበረች፤ እሷም ከቀዳዳው ፈንጠር ብላ ነው የምትቆመው።

ሁለተኛ፣ ስለ ትልቁ ሥራዎ። ከአሮጌው ማቆያ አጠገብ የነበረውን የድንጋይ መጋዘን አድሰው ባለ ፎቅ አድርገውልናል፤ መስታወቱ ሲያምር። ምድር ቤቱን ለእንግዳ መቀበያና ለስብሰባ፣ ፎቁን ለወላዶች መስጠትዎ እናቶች ተራራውን እያዩ እንዲያምጡ ታስቦ መሆኑን ሰምተን ተደንቀናል፤ የሚያምጥ ሰው ዐይኑ ምን ላይ እንደሚያርፍ ከእርስዎ በፊት የተጨነቀልን አልነበረም። በንድፍዎ ላይ የተሳለችውን ነፍሰ ጡርም አይተናታል። ቀጥ ብላ፣ ብቻዋን፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ደረጃውን ትወጣለች። ይህችን ሴት ከከላላ እስከ አጅባር አፈላልገናት ነበር፤ አውቃታለሁ የሚል አልተገኘም።

የእኛዎቹ ብቻቸውን አይመጡማ። በሌላ አገር ዕድር የሚባለው፣ እኛ ግን ቅሬ የምንለው፣ እስላሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ የያዘው ማኅበር ነው ተሸክሞ የሚያመጣቸው። ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ አጣና፣ መሐሉ ጠፍር፣ በላዩ ቡሉኮ፤ አራት ሰው ከሥር፣ አራት ተቀያሪ ከጎን። ትከሻ የሚቀያየሩት እየሄዱ ነው። ምክንያቱም ቃሬዛ መንገድ ላይ አይወርድም፤ መንገድ ላይ የሚወርድ ሬሳ ነው። ነፍስ ያለው ሰው አልጋው ዘንድ እስኪደርስ መሬት አይነካም። እርስዎ «መጠኑን ያልጠበቀ» ያሉት የአሮጌው ማቆያ ሰፊ በርም አናጢው ልኩን የወሰደው ሜትር ዘርግቶ ሳይሆን፣ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎችን ደጃፉ ላይ አቁሞ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስላለፈው ረቡዕ። ይህን ሳልጽፈው ብቀር ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን እርስዎም ለጉብኝት መጥተው ከፎቁ ጫፍ ቆመው ስለነበር ምስክርነትዎ ሊጠፋብን አይገባም። ምጥ የያዛትን ሰብሪያን የቅሬው ሰዎች ከቀትር በኋላ በረዶ እየወረደባቸው አመጧት። ደረጃዎ መሐል ላይ ሲታጠፍ ቃሬዛው አልታጠፍ አለ። የፊተኞቹ ከላይ፣ የኋለኞቹ ከታች ሆነው አጣናው መስታወቱን ሲገፋ፣ እሷ ወደ እግሯ እየተንሸራተተች ጠፍሩን ጨብጣ ቀረች። ያን ጊዜ እርስዎ «አውርዷትና በእግሯ ትውጣ» አሉ። የቅሬው ዳኛ ሼህ ዒምራን ላባቸው ዐይናቸው ውስጥ እየገባ «የኔ ጌታ፣ ሬሳ መች አመጣንልዎ» አሉ። ሰብሪያ ደግሞ ቃሬዛው ላይ ሆና፣ በዚያ ምጥ መሐል፣ «እኔን ከምታወርዱ ደረጃውን አውርዱት» አለች። አንደኛው ተሸካሚ ሳቁ አምልጦት ሊጥላት ነበር።

አሮጌው ቤት እንዳይወስዷት ቁልፉ በእርስዎ ትእዛዝ ተወስዷል። ስለዚህ የኋሊት ወርደው ዳሱ ውስጥ አስገቧት። ወንዶቹ ጣሪያው ላይ ወጥተው ሰማይዎን በቡሉኮ ደፈኑት፤ ሴቶቹ በምሰሶዎቹ መካከል ነጠላቸውን ዘርግተው ግድግዳ ሆኑ። አዋላጅ ነርሷ ዝናሽ ዕቃዋን ይዛ ከፎቁ ሮጣ ወረደች። ሴት ልጅ ተወለደች፤ ሁለቱም ደኅና ናቸው። ዳስዎ በሥራ ላይ ስለዋለ እንኳን ደስ አለዎ። ዝናሽ ግን በጀሪካን በመጣላት ውኃ እጇን እየታጠበች ያለችውን ላካፍልዎ፦ «ይቺ ዕድለኛ ናት። ይሄ መንታ ቢሆን፣ ደም ቢፈስ፣ እዚህ ውኃ በሌለበት ምን አደርግ ነበር?»

መንታ ያረገዘችው እሌኒ ናት። በዚህ ክረምት አምቡላንስ የእሷ መንደር አይደርስም፤ በቃሬዛ ነው የምትመጣው።

እንግዲህ ልመናችን ይኸው ነው። የወላዶቹ ክፍል ወደ ምድር ቤት እስኪወርድ ድረስ አሮጌው ማቆያ አይፍረስ፤ ቁልፉም ለዝናሽ ይመለስላት። ስብሰባው ፎቅ ይውጣልን፤ ተሰብሳቢ ሲሰበሰብ አምጦ አያውቅም። ስለ ተራራው አይጨነቁ፤ እኛ ስንወለድ ጀምሮ አይተነዋል፣ ሌላ ጊዜም እናየዋለን።

የእጅዎን ሥራ ለማድነቅ ዘወትር አንገታችንን ወደ ላይ ቀና አድርገን፣ ትከሻችንን ግን ለሌላ ሸክም አዘጋጅተን፣ መልስዎን እስከ እሑድ ማታ በትሕትና የምንጠባበቅ አክባሪዎችዎ፣ ከአደባባዩ ዙሪያ ነን።

ማስታወሻ፦ ቅሬው ትናንት ተሰብስቦ ወስኗል። መልስዎ ካልመጣ ሰኞ ጠዋት፣ ከአፍራሾቹ ቀድሞ፣ አንድ ቃሬዛ ደጅዎ ላይ ይጠብቅዎታል። ይተኙበት፤ ስምንት ሰው በክብር ተሸክሞ ፎቁ ላይ ያወጣዎታል። ሳይወርዱ ከደረሱ አሮጌውን ቤት እኛው ራሳችን አፍርሰን ድንጋዩን እንለቅማለን። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ወደ እግርዎ መንሸራተት ቢጀምሩ ግን አይደንግጡ፣ አውርዱኝ ብለውም አይድከሙ። እኛ በሕይወት ያለ ሰው አናወርድም።