የኋላ መብራትህ ውስጥ የቀረው ውሃ

ጀማልዬ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። ከተለየኸን ስምንተኛ ወር ገባ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ እንባ ከልክሎኝ አይደለም። የምጽፍልህ ነገር በሕይወት ብትኖር ፊትህን እያየሁ ልነግርህ የማልደፍረው ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እናትህ አሁን ከእኛ ጋር አይደሉም፤ ግራና ከተማ፣ እህትህ ጋ ሄደዋል። ልብስህን በሙሉ ሰብስበው ወሰዱት፤ አንድ ጃኬት እንኳ አላስቀሩልኝም። እኔ እዚሁ መርሳ ከተማ፣ ጋራዡ ተመልሼ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። እናትህ ለምን ጥለውን እንደሄዱ እንዲገባህ ግን ወደዚያ ክረምት መመለስ አለብኝ።

የፒክአፕህ የኋላ መብራቶች ውሃ ማስገባት እንደጀመሩ ታስታውሳለህ። ዝናብ ባደረ ቁጥር ቀዩ ፕላስቲክ ውስጥ ውሃ ይንቦጫቦጭ ነበር። ሁለት ጊዜ አውርጄ አደረቅኳቸው፣ ስንጥቃቸው ላይ የሲሊኮን ማሸጊያ ቀባሁ፤ ሁለት ጊዜም ተመልሶ ገባ። ሥራውን ያስተማሩኝ ሰውዬ ወልድያ ሳለሁ መብራቱን ባልዲ ውስጥ ነክረን አረፋ የሚወጣበትን ቦታ እንድንፈልግ ያደርጉን ነበር። ቀላል ሥራ ነው፤ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። እኔ አልነከርኩትም።

በሦስተኛው ጊዜ መናኸሪያው አጠገብ፣ ሽንኩርት በሚጭኑት ሰዎች ፊት፣ «ሚስቴ የኋላ መብራቴን የዓሣ ገንዳ አደረገችልኝ» አልክ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። መጀመሪያ የወደድኩህ እኮ በዚህ ነበር፤ ጋራዡ ውስጥ ከነበርነው ሁሉ እኔን መርጠህ፣ «ይህቺ ትሥራልኝ» ብለህ ቁልፉን ስትሰጠኝ አንድም ሰው አላሳቅህብኝም። ያን ቀን ግን አሳቅህብኝ፤ እኔም ቂም ያዝኩ።

ከሰዓት መብራቶቹን አወረድኩና ዙሪያቸውን በሙሉ በሲሊኮን ደፈንኩ። ከታች በኩል አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ውስጥ የገባ ውሃ እንዲወርድባት ከፋብሪካው ጀምሮ የተተወች። እንዳትደፈን ተብዬ ተምሬአለሁ። አልረሳሁትም ጀማል። ጣቴ እዚያ ሲደርስ ትዝ አለኝ። «እስቲ አሁን በየት እንደሚገባ አያለሁ» ብዬ ደፈንኳት። አንተ መጥተህ ዙሪያውን አየህና «አሁን ገና ባለሙያ ሆንሽ» አልከኝ። ከአንተ የሰማሁት የመጨረሻው ምስጋና እሱ ነው።

አራት ቀን ሙሉ ዘነበ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሽንኩርቱን ጭነህ ወደ ወልድያ ስትሄድ፣ ሲሪንቃን እንዳለፍክ ከብቶች መንገዱ ላይ ገቡ። ፍሬን ያዝክ። ከኋላህ የነበረው የጭነት መኪና ሳይቀንስ መጣብህ። ሆስፒታል ሳትደርስ አረፍክ። ከዐሱር ሶላት በፊት ቀበሩህ።

ሹፌሩ ሰይድ የሚባል የሐራ ሰው ነው። ለፖሊስ የሰጠው ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ «የፍሬን መብራት አላየሁም»። ማን ያምነዋል? እኔም ሳቅሁበት፤ መብራቱን በገዛ እጄ የሠራሁት እኔ ነኝ ብዬ። ሚስቱ በሦስተኛው ቀን ልጇን አዝላ ከሽማግሌዎች ጋር ለቅሶ ልትደርስ መጣች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «ባልሽ ዓይን ከሌለው መሪ ለምን ያዘ? የእኔ ልጅ አባቷን እንዳጣች ያንቺም ይጣ» አልኳት። አንድም ሰው ዝም በይ አላለኝም። ሴትዮዋ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ወጣች።

ዒዳዬን፣ የባል ሐዘን ጊዜዬን፣ ቤት ተቀመጥኩ፤ አራት ወር ከዐሥር ቀን። እኔ ዒዳ ላይ እያለሁ ሰይድ ተፈርዶበት ማረሚያ ቤት ገባ። «አልሐምዱሊላህ» አልኩ።

ዒዳዬ ሲያልቅ መጀመሪያ የሄድኩት ወልድያ ነው፤ የፒክአፕህን ስብርባሪ ከፖሊስ ግቢ ላነሳ። የግራው መብራት ደቅቋል። የቀኙ ግን ደህና ነበር፤ እስከ ግማሹ ድረስ ውሃ ይዟል። ክረምቱ አልፎ፣ ያ ሁሉ ፀሐይ መትቶት፣ ውሃው እዚያው ነበር። ሥራዬ ጥሩ ነበር ጀማል። አንድ ጠብታ አላፈሰሰም።

እዚያው ቁጭ ብዬ ፈታሁት። ውሃው የገባው ከጀርባው፣ ሽቦው በሚያልፍበት ላስቲክ በኩል ነው። ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ እኔ አንድም ቀን ዞር አድርጌ አላየሁትም። የአምፖሉ መያዣ በዝገት አረንጓዴ ሆኗል። ፊውዙን አወጣሁት፤ ውሃው ሽቦውን አገናኝቶበት ተቃጥሏል። ያ ፊውዝ ከተቃጠለ የግራውም የቀኙም የፍሬን መብራት አይበራም። ሰውዬው እውነቱን ነበር የተናገረው።

ሦስት ቀን ማንም ሳያውቅብኝ ቆየሁ። ሊቀር ይችል ነበር፤ መብራቱን አንድ ቦታ ብጥለው የሚጠይቀኝ አልነበረም። በአራተኛው ቀን ለእናትህ ነገርኳቸው። ሰምተው እስኪጨርሱ መስገጃቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ። «ለማንም እንዳትናገሪ» አሉኝ። «እሱ ሰውዬ ገደለብኝ ብዬ ነው የምተኛው። አሁን አንቺ ነሽ ብትዪኝ ካንቺ ጋር እንዴት እበላለሁ?»

እኔ ግን ወልድያ ፍርድ ቤት ሄድኩ። መብራቱን ከነውሃው በፌስታል ጠቅልዬ ይዤ ነበር። ስናገር አላለቀስኩም፤ ዳኛው ሁለት ጊዜ «ገብቶሻል የምትዪው?» አሉኝ። ገብቶኛል አልኩ። ባለሙያ መረመረው። ጉዳዩ እንደገና ታይቶ ሰይድ ባለፈው ወር ተፈታ። የእኔ ገና እየታየ ነው፤ ምን እንደሚወሰንብኝ አላውቅም። እናትህ የሄዱት ፍርድ ቤት በቆምኩ ማግስት ነው። ሲወጡ ሰላም አላሉኝም።

ሰይድ ከተፈታ በኋላ ጋራዡ ድረስ መጣ። ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። «አላየሁም፣ አላየሁም ስል ከረምኩ» አለኝ። «በኋላ ግን አይቼ ይሆን እንዴ እያልኩ ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ። እናቴ የሞተችው ልጇ ሰው ገዳይ እንደሆነ አምና ነው። ይህን ልንገርሽ ብዬ ነው የመጣሁት።» ይቅር አላለኝም፤ እኔም ይቅር በለኝ ለማለት አፌ አልተፈታም። ሚስቱ በር ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። አየችኝና ያዘለችውን ልጅ ፊት በነጠላዋ ሸፈነች።

ሌላውን ሁሉ ብረሳ፣ ያቺን ቀዳዳ መድፈኔን አልረሳም። ሰው «አላህ ያለው ነው» እያለ ሊያጽናናኝ ይሞክራል፤ አሜን እላለሁ። ግን ሲሊኮኑን የያዘው የእኔ እጅ ነበር።

ልጃችን ሐያት አራት ዓመቷን ይዛለች፤ ሳቋ ያንተው ነው። አባቴ የት ሄደ ትለኛለች፤ ለጊዜው ጀነት እላታለሁ። ስታድግ ግን አባቷ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ፣ እንዴት ያስቅ እንደነበረ፣ እንዴትም እንደሞተ እኔው አስቀምጬ እነግራታለሁ። ከሰው አፍ አትሰማውም። የእኔንም ስም አልዘልም።

ሚስትህ ዘይነባ