በእህቴ አፍ ላይ የተቀየረው ደንብ

መጋቢት 4

ዝናብ። የቢሮው ማሞቂያ ዛሬም አልሠራም። ካፖርቴን ሳላወልቅ ውል ሳነብ ዋልኩ። አንዱ እጅ እግር የሌለው ነበር።

ስወጣ እትዬ ጋ ገባሁ። ታላቄ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ ስትሸጥና ከገዢ ስትከራከር የኖረች። አምና ስትሮክ መታትና ምላሷ ተያዘ። አሁን በግራ እጇ ሁለት ሦስት ቃል ታብሌት ላይ ትነካለች፤ ቢሯችን የሠራው ፕሮግራም አሟልቶ ይናገርላታል። ዛሬ "ጫማ"፣ "በር"፣ "ጭቃ" ነካች። ታብሌቱ "ጫማሽን በር ላይ አውልቂ! ጭቃሽን ማን ሊጠርግልሽ ነው?" አለኝ። ቁርጥ እሷን።

መጋቢት 6

ፕሮግራሙ የተሠራበት የቋንቋ ሞዴል የእኛ አይደለም። አንድ ኩባንያ ለቆት ማንም በነጻ የሚያወርደው ነው። አዲሱ ወጣ። ቴክኒሻናችን ሻዩ ሳይበርድ ጫነው። ፈጥኖ ደራሽ የምንለው ያለ ነገር አይደለም። አሮጌውን ደግሞ ቦታ ያዘብኝ ብሎ አጠፋው።

"የአጠቃቀም ደንቡን አነበብከው?" አልኩት።

"ያው ነው እኮ። ነጻ አይደል?"

"እስማማለሁ" የሚለውን ነክቶ አለፈ። ማን ያነባል? እኔ። ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚያ ነው።

መጋቢት 7

አነበብኩት። ያው አይደለም።

የአሮጌው ደንብ አንድ ገጽ ነበር። ውሰዱ፣ ለውጡ፣ ለሌላም ስጡ፤ የሰጠነውን መልሰን አንወስድም ይላል። አዲሱ ሞዴል አሥራ አንድ ገጽ ይዞ መጣ። አሁንም ስሙ "ክፍት" ነው። ገጽ ዘጠኝ ላይ ግን፣ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ለሕሙማን መገልገያ ማዋል ክልክል ነው ይላል። ደንቡንም ባሻን ጊዜ እንቀይራለን ይላል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ለአሮጌው ሞዴል አሮጌው ደንብ እንደጸና ነው። ምን ዋጋ አለው... አሮጌው ሞዴል የለንም።

መጋቢት 8

ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት።

"ማን ያየናል? እነሱ እዚያ፣ እኛ እዚህ።"

"ከታየንስ?"

"ያኔ እንመክራለን።"

ከታየንማ ፈቃድ የሚባል ነገር አይታሰብም። ያኔ እትዬ ጨርሳ ዝም ማለቷ ነው። ደንብ ማክበራችንን የሚያረጋግጠው ወረቀት ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ። አልፈረምኩም። ለኩባንያው የፈቃድ ጥያቄ ላክን። ከሰዓት በኋላ ፕሮግራሙ ተዘጋ፤ በእሱ የሚናገሩ ሁሉ ዝም አሉ።

ምን ተሰማኝ? ምንም። ትክክል ነው ያደረግኩት። ምሳዬን ግን አልበላሁም።

መጋቢት 9

ታብሌቱ "አገልግሎቱ ለጊዜው ተቋርጧል" ይላል። እትዬ ደጋግማ ነካችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። አስረዳኋት፤ ገጽ ዘጠኝን ሳይቀር። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

መጋቢት 12

ከኩባንያው መልስ የለም። አሮጌውን ሞዴልም ከድረ ገጹ አንስቶታል።

"መጠባበቂያ ቅጂ አልነበረንም?" አልኩት ፈጥኖ ደራሽን።

"ነበረን።" ጫማውን አየ። "እሱንም... አዘመንኩት።"

በአሮጌው ደንብ፣ ቅጂ ያለው ሰው ለእኛ መስጠት ይችላል። ማን አለው? ፊት ለፊታችን ያለው ሕንጻ ላይ፣ የእኛኑ ዓይነት ሥራ የምትሠራ ሴት አለች። ሥራ አስኪያጃችን "ኮራጇ" ነው የሚላት።

"እሷ ደጅ? ሞቼ ነው!" አለ።

መጋቢት 14

ሳይሞት ሄደ። እኔም አብሬው።

ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ መስኮቱ ላይ የሚደርቅ ፎጣ። ሴትዮዋ ጨርሰን እስክንናገር ሰማችን።

"ኮራጅ መቼም አንድ ደህና ጠባይ አለው፤ ቅጂ አይጠፋበትም" አለች። ያወጣላትን ስም ታውቀዋለች ለካ! ሥራ አስኪያጁን ላብ አጠመቀው። ሞዴሉን ከነደንቡ ገልብጣ ሰጠችን። ምን እንደምትፈልግ ጠየቅናት።

"ምንም። ስጡ ነው የሚለው፣ አይደል?"

መጋቢት 16

ተከፈተ። ታክሲ ይዤ እትዬ ጋ በረርኩ። ደስ ይላታል ብዬ...

ቀስ ብላ ነካች። "አፍ"፣ "ውል"፣ "እኔ"።

"በገዛ አፌ ላይ ስትዋዋሉ እኔን ማን ጠየቀኝ?"

"እትዬ፣ ሕጉ እኮ..."

እጇን አነሳች። እንደገና ነካች፤ ረጅም ጊዜ ወሰደባት። "መዝጋትሽስ ልክ ነው። ከማያውቁት ሰው ጋር ከዘጋሽብኝ በኋላ መንገርሽ ነው ያንገበገበኝ።"

"ከማያውቁት ሰው ጋር" ያለውን ማሽኑ ነው ያበላሸው። ገባኝ ግን፤ እንደማያውቁት ሰው ነው የዘጋሁባት። አለቀስኩ። ከተዘጋ ጀምሮ ያላለቀስኩትን።

ሚያዝያ 20

የኩባንያው ፈቃድ መጣ። አዲሱን ሞዴል መጠቀም እንችላለን፤ በቅድመ ሁኔታ። ለሥራ አስኪያጁ አስተያየቴን ከመስጠቴ በፊት አትሜ እትዬ ጋ ወሰድኩት። አንድ በአንድ አነበብኩላት። ትራስ ተደግፋ፣ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ፣ ገዢ እንደመጣባት ሆና ሰማችኝ። አንቀጽ አራት ላይ አስቆመችኝ። የተጠቃሚዎች ንግግር ለኩባንያው ይላካል ይላል።

"ንግግሬ በሜትር አይሸጥም" አለች።

አሮጌው ሞዴል የሚያስተካክለው እንደሌለ፣ እያደር እንደሚብስበት አልደበቅኳትም።

"እኔም አርጅቻለሁ። አብረን እናርጅ።"

ለሥራ አስኪያጁ ጻፍኩለት። አነበብነው፤ እህቴ አልተስማማችም።