ኪቦርዴን ዝም ማሰኘት

ሰኞ

በአዲሱ ኪቦርዴ ገና ሁለት መስመር ሳልጽፍ አለቃችን ኦቦ ገመቹ ከቢሯቸው ወጡ። "ኩን ማሊ? ምንድነው ይሄ? ቆርቆሮ ላይ በረዶ ወረደ እንዴ?" አሉ። አጠገቤ የምትጽፈው ሌንሳ በሳቅ ሞተች። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ሳቄ አልቆየም። "ዓርብ ይህን ጩኸት ይዘሽ ከመጣሽ ፈተና አላስገባሽም። የራስ ኪቦርድ ፈቀድን እንጂ ሰው መረበሽ አልፈቀድንም" ብለው በሩን ዘጉት። ልክ ናቸው። ያናደደኝም እሱ ነው።

የምንፈተንበት ቋሚ የጸሐፊነት ቦታ አንድ ነው፤ እኛ ሁለት ነን፣ እኔና ሌንሳ። የወደቀችው ሩቅ ወረዳ፣ ዳሪሙ ትመደባለች። ሌንሳ ባትወደውም መሄድ ትችላለች። እኔ አባዬን ለማን ትቼ? ግራ ጎኑ ከታመመ ወዲህ ከአልጋ የማነሳው እኔ ነኝ፣ የማለብሰው እኔ ነኝ።

የግራ ትንሿ ጣቴም አለች። አምና ክረምት ጭቃ አዳልጦኝ ሰበርኳት፤ የዳነችው ጠማማ ሆና ነው። የቢሮው ኪቦርድ ደረቅ ስለሆነ ሦስተኛው ገጽ ላይ ትደነዝዛለች። ኦሮምኛ ደግሞ "ኤ" የምትባለዋን ቁልፍ አሁንም አሁንም ይፈልጋል፣ የምትመታትም ይህችው ጣት ናት። ሜካኒካል የሚባለውን፣ ለጣት የሚቀለውን ኪቦርድ የገዛሁት ለዚህ ነበር። የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጡት ጋሼ ተማም ከየፊደሉ ሥር ያለው መጫኛ፣ ስዊች የሚሉት፣ ሰማያዊ፣ ቡኒና ቀይ የሆነላቸውን አስሞከሩኝ። "ቀዩ ለስላሳ ነው፣ ድምፅም የለው፣ የኔ ልጅ" እያሉኝ ሰማያዊውን መረጥኩ። ቀጭ ቀጭ ሲል የተማርኩበትን የታይፕ መኪና አስታወሰኝ። ሞኝ!

ማክሰኞ

ለኪቦርዱ ዘይት አደረግሁለት። ታይፕ ስንማር የመኪናውን የሚንቋቋ ክንድ በስፌት መኪና ዘይት ነበር የምናለሰልሰው። የፊደሎቹን ክዳን አንድ በአንድ ነቅዬ በመርፌ ጫፍ ጠብ፣ ጠብ። አባዬ ከአልጋው ላይ ሲያየኝ ቆይቶ "ልብስ ልትሰፊ ነው?" አለኝ። ድምፁ ትንሽ የቀነሰ መሰለኝ። ነገ ቢሮ እሞክረዋለሁ።

ረቡዕ

ገደልኩት። "ኤ"ን አንዴ ስነካት አራት ጊዜ ትጽፋለች። "ኤስ" ከነጭራሹ የለችም። ጩኸቱ ደግሞ ምንም አልሆነም!

በምሳ ሰዓት በዝናቡ ወደ ጋሼ ተማም ሮጥኩ። አንዱን ስዊች ነቅለው አሸተቱት። "ማነው ዘይት አጠጪው ያለሽ? ይሄ እኮ ኤሌክትሪክ ነው!" ስዊቹ ይነቀላል፣ በቀይ ይተካል፤ ግን ቀይ ለብቻው የለኝም፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው አሉኝ። ፈተናው ዓርብ መሆኑን፣ ሌላ ኪቦርድ መግዣም እንደሌለኝ ነገርኳቸው። ስለ አባዬም ነገርኳቸው። ማልቀስ አልፈለግሁም ነበር፣ አለቀስኩ።

ወደ መስታወቱ መደርደሪያ ሄዱና ለማሳያ ያስቀመጡትን ኪቦርድ አወጡ። ቀዮቹን እየነቀሉ በእጄ ላይ ያስቀምጡልኝ ጀመር። ሃያ አራት ወጣላቸው፤ የቀሩት ተጣብቀው አልነቀል አሉ። "ማሳያዬን አራቆትሽው። ሂጂ፣ አላህ ያሳካልሽ" አሉኝ።

ሐሙስ

ፈቃድ ወስጄ ቤት ዋልኩ።
ፊደል፦ ሃያ ስድስት።
ረጅሟ የክፍተት ቁልፍ፦ አንድ።
ቀይ ስዊች፦ ሃያ አራት።

ሦስት ፊደል ሰማያዊ ላይ ይቀራል ማለት ነው። የቱን ልተው? የቢሮ የኦሮምኛ ደብዳቤ አውጥቼ መስመር በመስመር ፈተሽኩ። ፒ፣ ቪና ዜድ እምብዛም አልመጡም፤ እነሱን ተውኳቸው። ለነሱ ዘይት ካልነካው ከላይኛው የቁጥር ረድፍ ሰማያዊ ነቅዬ ሰካሁ። ከሥር ቀጭን ስፖንጅ አነጠፍኩ።

ያንኑ የኦሮምኛ ደብዳቤ አምስት ጊዜ ጻፍኩት። ጣቴ አልደነዘዘችም! "ይሰማሃል?" ብዬ አባዬን ጠየቅሁት። "ዝናቡን ብቻ ነው የምሰማው" አለኝ። ስሜው ተነሳሁ።

ዓርብ

ኦሮምኛው በሰላም አለፈ። ኦቦ ገመቹ አንዴ እንኳ ቀና አላሉም።

ከዚያ የፈተናው አማርኛ ክፍል ተሰጠን። የመጀመሪያው መስመር "ለኢሉባቦር ዞን" ይላል። ቀጭ! ክው አልኩ። "ዞ" የምትጻፈው በዜድ ነው፤ ኦሮምኛው ዞንን "ጎዲና" ስለሚል ዜድን ረስቻታለሁ። ዞን የሌለበት የመንግሥት ደብዳቤ የት አይቼ አውቃለሁ? "የዞኑ"፣ ቀጭ። "በዞናችን"፣ ቀጭ። ኦቦ ገመቹ ቀና አሉ። በአራተኛው ተነስተው መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። ቀጣይዋን "ዞን" ልዝለላት ብዬ ነበር፤ ስህተት ከሚቆጠርብኝ ይጩህ ብዬ ጻፍኳት። ገጹን እስክጨርስ ቆመው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ነጥብ ይቀንሱብኝ አይቀንሱብኝ አላውቅም። ውጪ ሌንሳ እጄን ጨብጣ "ጃባዹ፣ በርቺ፣ አለቀ እኮ" አለችኝ።

ቤት ስገባ ጥግ ላይ በገመድ የታሰረ የእንግዳ ፍራሽና የአባዬ ብርድ ልብስ ተቀምጧል። አባዬ ጺሙን ተላጭቶ ወንበር ላይ። ያሰረችለት ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ናት።

"ምንድነው ይሄ?"

"ካለፍሽ ይፈታል። ካላለፍሽ ዳሪሙ አብረን እንሄዳለን። በኔ ምክንያት ሥራሽን እንዳትተዪ።"

እስከ አጥር በር መድረስ የማይችል ሰው። መኪና እንደልብ የማይገባበት አገር አብሮኝ ሊሄድ ነው። ከታመመ ወዲህ ፊቱ አልቅሼ አላውቅም ነበር፣ ዛሬ አለቀስኩ። እሱ ግን ውጤቱ መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሰኞ ነው አልኩት።

"እንግዲያው ፍራሹ ይቆይ፣ ብርድ ልብሱን ብቻ ፍቺልኝ" አለኝ። ፈታሁለት።