አራተኛው ክፍል ሳይተላለፍ የምነግርሽ

ውድ እህቴ ሴሪን፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የድሮው ባልደረባችን ባንግ ጊቴ ነው። አሁን የራሱ ትንሽ የካልሲ መሥሪያ ቤት አለው። የጻፍኩት የቴሌቪዥን ድራማ ስለ ካልሲ ድርጅት ስለሆነ የአልባሳት ክፍላችን ከእሱ ያዝዛል። ትናንት ካርቶን ተሸክሞ ሲገባ ድንገት ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ጸጉሩ ሳስቷል፤ ሲያፍር ጆሮው መቅላቱን ግን አልተወም። በየአዲስ ዓመቱ ሰላምታ እንደምትልኪለት ነገረኝ።

«አድራሻዋን ልስጥሽ?» አለኝ።

«አትስጠኝ!» ብዬ ጮህኩ። የመብራት ሠራተኞቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ።

የት እንደምትኖሪ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። ለምን እንደሆነ ስታነቢ ይገባሻል። ከዚህ በላይ ማንበብ ካልፈለግሽም ቅደጂው፤ አልቀየምሽም።

ፈርቻለሁ፣ እህቴ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር በፊቱ ደፍቼ አስቀምጠዋለሁ። ሊፍት ውስጥ ሰዎች ስለ ድራማው ሲያወሩ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። ባለፈው ቅዳሜና እሁድ ሁለት ክፍል ተላልፏል። አይተሽው ከሆነ ራስሽን አግኝተሻል። ጀግናዋ የሽያጭ ሠራተኛ ናት፤ ሲጨንቃት የእስክሪብቶ ክዳን ታኝካለች፤ ሁለት ባልደረቦቿ ወደዋታል፤ ቢሮው በሙሉ በዚህ ይስቃል። አሁን አገሩም አብሮ እየሳቀ ነው። ሳላስፈቅድሽ ወሰድኩሽ።

አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ሶንግሱ ሰፈር ባለው የካልሲ ድርጅት ቢሮ የሁሉም ታናሽ ነበርኩ። ስኒ አጥባለሁ፣ ወረቀት አባዛለሁ፣ ራት ስንወጣ ሥጋ እየገለበጥኩ ለአለቆች የሶጁ አረቄ እቀዳለሁ። ሌላው ሁሉ «አንቺ ትንሿ» ሲለኝ በስሜ የምትጠሪኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ። ውለታሽን እንዴት እንደመለስኩ ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል። ሰዎቹን ማሳቅ ስችል የቢሮው ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር፤ የማስቅባቸው ነገር ደግሞ አንቺ ነበርሽ።

ጊቴ አንድ ቀን ምሳ ጋበዘሽ። «ይቅርታ፣ እንደ ወንድም ነው የማይህ» አልሽው። «እሺ፣ ገባኝ» አለና ሄዶ ኑድሉን ብቻውን በላ። ሁለተኛ አላነሳውም። እኛ ግን «ወኔ የለውም» ብለን አማነው። ምክትል ኃላፊ ክዋክ በየጠዋቱ ጠረጴዛሽ ላይ የሙዝ ወተት ያስቀምጣል። እሱንም እምቢ አልሽው። ፈገግ አለና በማግስቱ ሁለት ወተት አመጣ። እሱን «ወንድ ማለት እንዲህ ነው» አልነው።

ሻይ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰሌዳ ላይ የሩጫ ሜዳ የሣልኩት እኔ ነኝ። ሁለት ካልሲዎች ይሽቀዳደማሉ፤ ሰማያዊው ክዋክ፣ ግራጫው ጊቴ። ወተት በመጣ ቁጥር ሰማያዊውን ወደፊት እገፋው ነበር። ሥዕሉን ያየሽ ዕለት የማሸጊያ ክፍሏ ወይዘሮ ሪዩ እጅሽን ይዛ፣ «አንቺ ዕድለኛ! እኔ በዕድሜሽ ሳለሁ የምጠብቀው አውቶቡስ እንኳ ጥሎኝ ነበር የሚሄደው!» አለችሽ። ሁላችንም ሳቅን። አንቺም ሳቅሽ፤ ሳቅሽ ግን ከሁላችንም ቀድሞ አለቀ።

የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር ክዋክ ጎኔ መጥቶ ቆመ።

«ዳጆንግዬ፣ ሴሪንን ላስደንቃት ነው። ቤቷ የት ነው?»

«ማንግዎን፣ ከገበያው ጀርባ» አልኩት።

«እዚያ ስንት ቤት አለ! እንደው የመንገዱን ንድፍ ሣዪልኝ፣ እጅሽ ጎበዝ ነው።»

ምስጋና ስለወደድኩ ሣልኩለት። የሩዝ ኬክ ቤቱን፣ ቀዩን የጡብ ቤት፣ ከመንገዱ ዝቅ ያለውን መስኮትሽን። መስኮቱ ላይ ልብ ሣልኩበት።

ሰኞ ጠዋት ደረጃው ላይ ጠራሽኝ። ክዋክ ከዓርብ ጀምሮ ሦስቱንም ምሽት መስኮትሽ ፊት ጃንጥላ ይዞ እንደቆመ ነገርሽኝ። አይጠራሽም፤ በር አያንኳኳም። ካለሽበት የሚታይሽ ጫማው ብቻ ነው። መብራት አጥፍተሽ፣ ምናልባት መሮጥ ቢያስፈልግ ብለሽ ጫማሽን አድርገሽ፣ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጥሽ። ዝናቡ ጃንጥላው ላይ ሲወርድ ይሰማሽ ነበር። ድምፁ ሲለወጥ፣ «ሄደ ወይስ ቀረበ?» እያልሽ ትንፋሽሽን ትይዢ ነበር።

«ቤቴን ማን እንዳሳየው ታውቂያለሽ?» አልሽኝ።

«እኔ እንጃ» አልኩሽ። ቀጥዬም፣ «እትዬ ደግሞ! ድራማ እኮ ነው! እኔ ብሆን በሩን ከፍቼ አስገባው ነበር» አልኩ።

ፊትሽን አዙረሽ ደረጃውን ወረድሽ።

ለክፍሉ ኃላፊ አመለከትሽ። እኔን ምስክር ብሎ ጠራኝ። ክዋክ በሩ አጠገብ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ኃላፊው ወረቀቱን እያገላበጠ፣ «የወደደሽ ሰው ዝናብ መታው ብለሽ ትከሺያለሽ እንዴ?» አለሽና ወደ እኔ ዞረ። «ዳጆንግ፣ ቅርቧ አንቺ ነሽ። እውነት ፈርታለች?»

«አላውቅም፣ ጌታዬ። ቀልድ ነበር የመሰለኝ» አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ሥራሽን ለቀቅሽ። ሰሌዳውን ያጠፋው ጊቴ ነው። እርጥብ ፎጣ ይዞ ገባ፤ ማንንም ሳያይ ጠርጎ ወጣ። እኔ ስኒ እያጠብኩ ነበር፤ ቀና ማለት አቃተኝ።

ከዚያ የድራማ ጸሐፊ ሆንኩ። የቴሌቪዥን ጣቢያው ቀለል ያለ፣ የሚያስቅ፣ የቢሮ ፍቅር ያለበት ታሪክ ሲጠይቀኝ በእጄ ያለው የአንቺ ነበር። ፍርሃትሽን ጣልኩና ዝናቡን ብቻ ወሰድኩ። አራተኛው ክፍል የሚያልቀው ሰውየው በሯ ላይ በዝናብ ቆሞ፣ ጀግናዋ ሮጣ ወጥታ ስታቅፈው ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ተዋንያኑ ተሰብስበን ጽሑፉን ስናነብ፣ ጀግናዋን የምትጫወተው ዎን ሶራ እጇን አወጣች።

«ጸሐፊዬ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ቤቷን ማን አሳየው?»

«መሪ ተዋናይ ነዋ፣ ያውቃል!» አለ ዳይሬክተሩ። ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ።

«እኔ ብሆን አልወጣም» አለች ሶራ ቀስ ብላ። «እፈራለሁ።»

እውነቱን የምናገርበት ሰዓት ያኔ ነበር። «የድራማ ሕግ ነው፣ ሶራ» ብዬ ገጹን ገለበጥኩ። ድጋሚ፣ እህቴ። በሠላሳ አምስት ዓመቴም ድጋሚ።

ባለፈው ሰኞ ግን ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ።

«ዳጆንግዬ!» ሲል የክዋክ ድምፅ መሆኑን ወዲያው አወቅሁ። «ድራማሽን አየሁት። ያ ሰውዬ እኔ ነኝ፣ አይደል? አሳምረሽ ጽፈሽኛል! ሚስቴ የለችም አሁን፣ ተለያይተናል። ሴሪን የት ናት? ያኔ እንደወደደችኝ ድሮም ገብቶኛል፤ ትንሽ አፍራ ነው እንጂ። አንቺ መቼም ታውቂያለሽ።»

«አላውቅም» አልኩት። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

«ችግር የለም፣ አጠያይቃለሁ። ያገር ሰው ሁሉ ከእኔ ጋር ነው እኮ፤ ኢንተርኔት ላይ የሚሉትን አላየሽም?» ብሎ ሳቀ።

ይህን ሰው መልሶ የጠራው የእኔ ድራማ ነው። ለዚህ ነው ጊቴ ላይ የጮህኩት፤ ያልሰማሁትን ማንም ከአፌ ሊያወጣው አይችልም። ተጠንቀቂ። ጊቴም አፉን እንዲይዝ ነግሬዋለሁ፤ «መቼም ከፍቼ አላውቅም» አለኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መጨረሻውን እንደ አዲስ ጻፍኩት። ጀግናዋ በሩን አትከፍትም። መብራት ታጠፋለች፤ ጫማዋን አድርጋ ወለሉ ላይ ትቀመጣለች፤ ለባልደረባዋ ትደውላለች። ባልደረባዋ ፖሊስ ጠርታ ትመጣለች፤ ሰውየው ይወሰዳል። ዳይሬክተሩ አንብቦ ወረቀቱን ወረወረው።

«ኮሜዲ ነው የጻፍሽልኝ ወይስ የፖሊስ ፋይል?»

«ካልቀረጽከው ስሜ ይውጣ» አልኩት። ሶራም የድሮውን መጨረሻ አልሠራም ብላ ጫማዋን አውልቃ ቁጭ አለች። ሌላ መፍትሔ ስላልነበረው ረቡዕ ተቀረጸ። ትናንት፣ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ጣቢያው ጠራኝ፤ ከአምስተኛው ክፍል ጀምሮ ሌላ ሰው ይጽፈዋል። ከዚህ በኋላ ማን ሥራ እንደሚሰጠኝ አላውቅም። ተመልካቹ እንዴት እንደሚቆጣ፣ ክዋክ እሁድ ካየው በኋላ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። የቤቴን ቁልፍ ቀይሬያለሁ። አሁን አንዳንድ ማታ ጫማዬን ሳላወልቅ እቀመጣለሁ፤ ዘግይቶም ቢሆን ምን እንደነበር እየገባኝ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ቀረጻው ላይ ባልደረባዋን የምትጫወተው ልጅ፣ «ንድፉን የሣልኩለት እኔ ነኝ፤ እንደምትፈሪ ግን አላወቅሁም» የሚል ቃል ነበራት። ሶራ ካሜራው ሳይነሳ ወደ እኔ መጥታ፣ «እውነት አላወቀችም?» ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ አንድ መስመር ሰረዝኩ፤ አንድ ጻፍኩ። እሁድ ምሽት አገሩ በሙሉ ይሰማዋል። ከተዋናይት አፍ ከመስማትሽ በፊት ግን ከእኔ እንድትሰሚው ብዬ ነው የጻፍኩልሽ።

ክዋክን መክሰስ ብትፈልጊ፣ ዛሬም ሆነ የዛሬ አሥር ዓመት፣ ለኃላፊው የዋሸሁትን በስሜ እናገራለሁ። ምንም ባትፈልጊ ደግሞ ሁለተኛ አልጽፍልሽም፤ ወዳለሽበትም አልመጣም።

ያን ሰኞ ደረጃው ላይ ስታናግሪኝ የመደገፊያውን ብረት ይዘሽ ነበር። እጅሽ ሲንቀጠቀጥ ብረቱ በስሱ ይንቃጨል ነበር፤ ሰምቼዋለሁ። ከመሳቄ በፊት ሰምቼዋለሁ።

አውቅ ነበር፣ እህቴ።

ናም ዳጆንግ
ሴኡል፣ ዓርብ ጠዋት