የኋላው ክፍል ሊፈርስ ነው

የእኔ አስቴር፣

ከሄድሽ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽን ካወጣን በኋላ ሰዉ ሁሉ ወደየቤቱ ተመለሰ፤ እኔም ከሱሉልታ ንፋስ ጋር ቀረሁ።

አንቺ የታመምሽበት የኋላው ክፍል ግድግዳ በክረምቱ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ጣቴን ያስገባል። በላስቲክ ብሸፍነውም ንፋሱ ሲመታው ይንኳኳል፤ ሰው የመጣ እየመሰለኝ ስንቴ ተነሳሁ!

ልጃችን ዳዊት "አባዬ፣ ሽጠውና እኛ ጋ ና" አለኝ። እሺ ብዬ ኮንዶሚኒየሙ ሁለት ሳምንት ተቀመጥኩ። ክፉ አልነበሩም፤ ሚስቱም እንደ አባቷ ነው የያዘችኝ። ግን ጠዋት የልጅ ልጆቻችንም ሳይቀሩ ሁሉም ወጥቶ ይሄዳል፤ እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ፊት ለፊት በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ ሳይ እውላለሁ። አንድ ቀን ማታ "ደህና ዋልክ?" ሲሉኝ ድምፄ አልወጣ አለ። ለካ ቀኑን ሙሉ ቃል አልተነፈስኩም። በማግስቱ ተመለስኩ። እዚህም ብቻዬን ነኝ፤ ግን ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ በአጥሩ ላይ "አካም ቡልተን!" ብለው እንዴት እንዳደርኩ ሳይጠይቁኝ አይውሉም።

ቤቱን ላድስ ወይስ ልልቀቅ የሚለውን መወሰን አቃተኝ። እንዲህ ያለውን የምትቆርጪው አንቺ ነበርሽ። በመጨረሻ ኦቦ ገመቹ የልጃቸውን ቤት ንድፍ የሠራችውን አርክቴክት ይዘውልኝ መጡ። ሜሮን ትባላለች፤ የዳዊት እኩያ ናት። ሜትሯን ዘርግታ ሁሉን ለካች፤ ግድግዳውን መታ መታ አደረገች፤ መሠረቱ ጋ ቆፈር አድርጋ አየች። ከዚያ ደብተሯን ገልጣ፣ "አባባ፣ እዚህ ስንት ሰው ነው የሚኖረው?" አለችኝ።

"ሁለት" አልኳት።

ከአፌ ያመለጠው እሱ ነው። ጻፈችው፤ አላረምኳትም። ኦቦ ገመቹ መሬት መሬቱን አዩ።

"መሠረቱ ጥሩ ድንጋይ ነው፤ የፊቱ ክፍል ይታደሳል" አለች። "የኋላውን ግን እንጨቱን ምስጥ ጨርሶታል። መፍረስ አለበት።"

"እሱ ባለበት ይቅር።"

"እሱ ከቀረ ሌላውንም ይዞት ይወድቃል" አለች፤ በቀስታ፣ ቃሏን ግን ሳታጥፍ። ሻይ እንኳ ሳልላት ሸኘኋት።

ሦስት ቀን የዚያን ክፍል በር እየከፈትኩ ቆምኩ። ዛሬም መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ኮርኒሱን ከማየት በቀር አንቺስ ምን አገኘሽበት? በአራተኛው ቀን ደወልኩላት። "ይፍረስ" አልኳት፤ "ደግሞም ሁለት ያልኩሽን አንድ ብለሽ አርሚው።"

እሷም "ለእንግዳም ቦታ እንተዋለን፣ አባባ" አለችኝ።

ዳዊት ቤቱን አልሸጥም በማለቴ መጀመሪያ አኩርፎ ነበር። አሁን ግን ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ አብሮኝ ሊያፈርስ ይመጣል።

አስቴርዬ፣ ግድግዳው ሲወርድ አንቺን ከቤት ያወጣሁሽ እንዳይመስልሽ። የሕመምሽ ጊዜ ሌላውን ዕድሜሽን ሁሉ ሸፍኖብኝ ነበር። ከእንግዲህ የማስታውስሽ ይህን ቤት ስንሠራ፣ ቀሚስሽን ሰብስበሽ ጭቃውን ከጭዱ ጋር ስትረግጪ፣ እኔ ተንሸራትቼ ስወድቅ ሆድሽን ይዘሽ ስትስቂ ነው። ያንን ለልጅ ልጆቻችን እነግራቸዋለሁ። እንደ አንቺ አድርጌ መሳቁን ግን አልችልበትም።

ያንቺው በቀለ