ኤሩ የተሸከማት ሰዓት

ጃንዋሪ 2

ድንኳኑን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። አንዱን ጥግ አይጥ በልታዋለች... ጣፍኩት።

ንጋይሬ ከከተማ ደወለች። ዘንድሮ የግድ ወንዙ ባሕር የሚገባበት ቦታ ሄደን እናድራለን አለች። ልጄ ሠላሳ ሞላት፤ አባቷን ውሃ የወሰደበትን ቦታ አንዴ እንኳ አላየችም። የባሌ ወንድም፣ ዋርሳዬ ኤሩም አብሮን ይሄዳል። እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ?

ጃንዋሪ 5

በጨው የቆየውን ቲቲ የምንለውን የባሕር ወፍ ሦስት ጊዜ ውሃ ለውጬ ቀቀልኩ። ኤሩ ሻንጣዬን አንስቶ መዘነና፣ "እቴ፣ የምንተክለው ድንኳን ነው ወይስ ቤተ መጻሕፍት?" አለኝ። ሁለት መጽሐፍ ቀነስኩ። አንዱን መልሼ ደበቅኩት።

ጃንዋሪ 6

አምስት ሰዓት በጫካ ተጉዘን ደረስን። ትንኙ ያው ነው።

ኤሩ ባሕሩ በየቀኑ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት የሚናገረውን መጽሐፍ ለንጋይሬ አስጠናት። የታተመው በክረምቱ ሰዓት ነው፤ በበጋ ሰዓታችንን ወደፊት ስለምንገፋ አንድ ሰዓት ጨምሪ አላት። ሦስቴ ደገመው። ሰምቻለሁ፣ አልደነቆርኩም እኮ ብላ ሳቀችበት። እሱ አልሳቀም።

እሷ እንጨት ልትለቅም ስትሄድ ዓይኑን ውሃው ላይ እንዳደረገ፣ "ያን ጊዜ መጽሐፉን ለወንድሜ ለሄናሬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሰዓቷን ጨምር ሳልለው" አለኝ።

የድንኳኑን ገመድ አጠበቅኩ። ዛሬም አልነገርኩትም...

ጃንዋሪ 7

ቀኑን ሙሉ ዝናብ።

ለራሴ እንኳ ጽፌው አላውቅም። ልጻፈው። ያን ጠዋት ሄናሬ ዕቃ እያሰረ፣ ውሃው ስንት ሰዓት ይጎድላል ብሎ ጠየቀኝ። መጽሐፉ እጄ ላይ ነበር። ቁጥር እለይ ነበር፤ ፊደል ግን አልቆጠርኩም ነበር። ባሌም ይህን አያውቅም ነበር፤ ዓይኔን ያመኛል እያልኩ ዘጠኝ ዓመት ሸሽጌው ነበር። የወሩን ስም ማንበብ ስላልቻልኩ ገጹን በግምት ገለጥኩ። አራት ሰዓት አልኩት። ሰዓቷንም ጨምሬልሃለሁ አልኩት። አመነኝ።

ወንዙን በእግሩ ሲሻገር ውሃው ሞልቶ መሐል ላይ ደረሰበት።

ሰዓቷን ረስቶ ነው አሉ ሰዎች። ብዙ ሰው ይረሳታል። እንደጨመርኩለት እያወቅኩ እኔም ተቀበልኩ። ማንበብ ከተማርኩ በኋላ መጽሐፉን ከሣጥን አወጣሁት። በጥላሸት የቆሸሸው ጣቴ አሻራ ያረፈበት ገጽ የፌብሯሪ ነበር። ያኔ ጃንዋሪ ላይ ነበርን።

ኤሩም ይህን ሁሉ ዘመን የእኔን ጥፋት ተሸክሞ...

ጃንዋሪ 8

አባራ። ለኤሩ ነገርኩት።

ድስት በአሸዋ እየፈተገ ነበር። ንጋይሬም እንድትሰማ አጠገቧ ሆኜ ነው። "ኤሩ፣ ሰዓቷ ተጨምራ ነበር። ገጹን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ማንበብ አልችልም ነበር።"

ድስቱን አስቀመጠ። አሸዋውን ከእጁ አራገፈ።

"ሃያ ሁለት ዓመት፣ እቴ።"

ተነሣ። በባሕሩ ዳር ሄደ፣ ሄደ፣ ነጥብ እስኪያክል።

ንጋይሬ አለቀሰች። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ልጅ ሆኜ ማታ ማታ ስታስጠኚኝ ጣትሽን ከጣቴ ሥር የምታስከትዪው ለዚህ ነበር እንዴ አለችኝ። አዎ አልኳት። ከአንቺ ጋር ነው የተማርኩት። ተጠግታኝ ተቀመጠች።

ኤሩ ሲመለስ መሽቶ ነበር። ሳይበላ ተኛ።

ጃንዋሪ 9

ሻይ አፍልቶ ድንኳኔ ደጅ ላይ አስቀመጠልኝ። ስኳሩ ልክ እንደምወደው ነው። ዓይኔን ግን አላየኝም።

የምትመልሰን ጀልባ የምትቆመው ከወንዙ ማዶ ነው። ጓዛችንን ጠቅልለን ውሃው ዳር ቆምን። የኤሩ መጽሐፍ ደረት ኪሱ ውስጥ አለ። አላወጣውም።

"ስንት ሰዓት ላይ እንሻገር፣ እቴ?"

የዘንድሮውን የራሴን መጽሐፍ ገልጬ አነበብኩ። የወሩን ስም ጮክ ብዬ። ቀኑን። ሰዓቱን። አንድ ጨመርኩ። መስመሩን በጣቴ ደግሜ ተከተልኩ። ንጋይሬ ልትረዳኝ አፏን ስትከፍት በእጁ ከለከላት።

አምስት ሰዓት ተኩል፣ አልኩ።

የእጅ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ።