ዘጠና አንድ የተባለችው ሴትዮ

ኀሙስ፣ ጥቅምት 9፣ ከሰዓት በኋላ

ለልጄ ለሚጡ፣

ናፍቆቴ እንዳለ ነው፣ ቅንጣት አልቀነሰም። "እኔ ደህና ነኝ" ብዬ ግን አልጀምርልሽም። ሰሞኑን ጉድ የሠራኝ እሱ ቃል ነው፤ ዝቅ ስትይ ትደርሺበታለሽ።

ነገሩ የጀመረው በወንድምሽ ሚስት ነው። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ክፍሌ ገብታ አልጋዬን ስትለካ አገኘኋት፤ ያውም በራሴ ሜትር። ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ ሰፊ ሆኜ ሰው ስለካ ኖሬያለሁ፤ በከንቱ የሚለካ ሰው አላየሁም። "ምን ልትሰፊልኝ ነው?" አልኳት። "ኧረ ምንም እማዬ፣ እንዲያው ነው" ብላ ሜትሩን ጠቅልላ ወጣች። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ የመጣብኝ የሬሳ ሳጥን ነው።

በማግስቱ ደግሞ ወንድምሽ ወጥ ቤት ሆኖ "መውረዷ አይቀርም፣ ቀስ ብለን እናስለምዳት" ሲላት ሰማሁ። ለካ ፎቁን ፈልገውታል! ፀሐይ የሚገባው የኔ ክፍል ብቻ መሆኑን ታውቂያለሽ። ጠርጥር ያሉት ወደው አይደለም አልኩና አፌን ዘግቼ ጠበቅኳቸው።

እሑድ ዕለት ምራቴ ብርቱካን ልጣ፣ ነጩን ክር ሳይቀር አንስታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ብርቱካን ልጣልኝ አታውቅም። በሌላ እጇ ስልኳን ይዛለች።

"እማዬ፣ እናትዎ በስንት ዓመታቸው ነው ያረፉት?"

"ምን አስፈለገሽ?"

"እኔ አይደለሁም፣ ስልኩ ነው የሚጠይቀው።"

"ስልክን ምን አገባው?"

"ሰው ስንት ዓመት እንደሚኖር ይገምታል አሉ። ለጨዋታ ነው እኮ" አለችና ዓይኗን አሸሸች።

ቆይ አንቺ፣ ቁርጤን አውቀሽ ክፍሌን ልትወርሺ! አልኩ በሆዴ። እናቴን ዘጠና አስገባኋት። ደረጃ? እየሮጥኩ ነው የምወጣው። እንቅልፍ? እንደ ሕፃን። ዕድሜዬንም ሥራ ስቀጠር ያስመዘገብኩትን ነገርኳት፤ ጡረታ እንዳይደርስብኝ አራት ዓመት ያጎደልኩበትን። ስልክ ደግሞ ሞኝ ነው፣ የነገሩትን ያምናል። "ዘጠና አንድ ይገባሉ!" ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እንግዲህ ጠብቂ አልኳት በልቤ። ወዲያው መልእክት ስትጽፍ አየሁና "ለማን ነው?" አልኳት። "ለሰው ነው" አለች። የቤት ደላላ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ከዚያ ቅዳሜ አንቺ ደወልሽ። "እማዬ፣ ዘንድሮ ሥራ ጠመደኝ፣ ለከርሞ ልምጣ። አንቺ እንደሆነ ዘጠና አንድ ልትገቢ ነው አሉ!" ብለሽ ሳቅሽ። እኔም ሳቅኩ። ስልኩን ስዘጋው ግን ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ዘጠና አንድን ማን ነገራት?

ምራቴን ያዝኳት። አላንገራገረችም። "ያን ጥያቄ የላከችልኝ ሚጡ ናት። ትኬቱን ዘንድሮ ልቁረጥ ወይስ ልቆይ ብላ ስታመነታ፣ 'እሷ ሳትነቃብን ጠይቂልኝ' አለችኝ" አለች። ያ ደላላ አንቺው ልጄ ነበርሽ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ክፍሌን ላድን ብዬ አንቺን መለስኩሽ።

አልጋውን የለካችው ምድር ቤቱ ክፍል ይገባ እንደሆን ለማየት ነው፤ ደረጃው እየጣለኝ መሆኑን ከኔ በፊት አይተውት ኖሯል። ብርቱካኑስ ማን ያዘዘው ነው ብላት፣ "እሱ የራሴ ነው" ብላ አኮረፈች። አሁን እኔ ነኝ የምለማመጣት።

አልተቆጣሁሽም። ትንሽ ተቆጥቻለሁ። እርጅና ራሱ አያስፈራኝም ሚጡ፤ ሽበቴንም ለምጄዋለሁ። የሚከፋኝ ሰው ዓይኔን እያየ የቀረኝን ሲያሰላ ነው። ባለሱቁ እንኳ ትልቁን የስኳር ከረጢት ስጠይቀው "ትንሹ አይበቃዎትም?" ሲለኝ፣ ምን ማለቱ ነው እያልኩ እቤቴ እደርሳለሁ። አንቺም እንደዚያ ታደርጊያለሽ ብዬ አልጠረጠርኩም ነበር። ለሰው ሁሉ የተረፈውን ጥርጣሬዬን ባንቺ ላይ አላዋልኩትም።

እንግዲህ ለስልኩ ያልነገርኩትን ላንቺ ልንገርሽ። እናቴ ስልሳ ሁለት አልሞላትም፤ ልቧ ነበር። እኔም በላይኛው ክፍል ሳለሁ ደረጃው መሐል ሁለት ጊዜ እየተቀመጥኩ፣ ሰው ሲመጣ ጫማዬን የማስር እመስል ነበር። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም። እንቅልፌን ተዪው። መርፌ ላይ ክር የምታስገባልኝ ምራቴ ናት። ሐኪሙ ያለውን ወንድምሽ ያውቃል፣ እኔም ልጠይቀው አልፈለግኩም። ፊደሌ የተንጋደደው ወንበሩ ስለማይመች ነው፣ ሌላ አታስቢ።

ያቺ ዘጠና አንድ የተባለችው ሴትዮ ሌላ ናት፤ እኔም በወሬ ነው የማውቃት። እሷን ለከርሞ መጥተሽ ጠይቂያት።

ሥራሽን አቃንቶ፣ ከክፉ ዓይን ሰውሮ ያቆይልኝ። ዘጠና አንዱን ዓመት ላንቺ መርቄዋለሁ፣ አሜን በይ። ለኔ ዘንድሮ ይበቃኛል።

እናትሽ፣
ከምድር ቤቱ ክፍል